«ምንህ ነው የፈረሰው?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ስለ እኛ ጽፈው ነበር። «እኛ» ስል ከጋብቻ በፊት ከሴት ደርሰን ድቁናችን የፈረሰብንን ማለቴ ነው። ክህነታቸው የፈረሰ ሰዎች እዚህ ጎንደር ማኅሌት ላይ ቆመው ማየታቸው አናዷቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቢወጡ ይሻላል ባይ ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል ብዬ አንቱ እያልኩ ልመልስላቸው።

በግማሹ እስማማለሁ። ክህነቱ የፈረሰ ሰው መቅደስ አይገባም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም፤ ይለወጥልኝም አልልም። የማልስማማው ከቅጥሩ ይውጣ በሚለው ላይ ነው። እኔ አንዴ ወጥቼ አይቼዋለሁ።

የተወለድኩት ደንቢያ ነው። ድቁና የተቀበልኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያኔ ስለ ሴት የማውቀው እናቴንና እህቶቼን ብቻ ነበር። በ1993 ዓ.ም. አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማና እንቅስቃሴ፣ ልማር ጎንደር መጣሁ። የአቋቋም ምስክሩ፣ ትምህርቱ የሚጠናቀቅበት ደብር፣ በአታ እንደሆነ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። አኮፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያላልኩበት ደጅ የለም። የቀሃ ሰፈር ውሾች ባቴ ላይ የተዉልኝ ጠባሳ አሁንም አለ።

በ2000 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲል እኔ ወደቅሁ። ዝርዝሩን አልጽፍም። ልጅቱ ዛሬ የልጆቼ እናት ናት፤ ጋዜጣም ታነባለች። ደግሞ ትልቁ ውድቀቴ እሱ አልነበረም። ትልቁ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ዝም ብዬ መቀደሴ ነው። ተራዬ ሲደርስ ልብሱን እለብሳለሁ። «ተንሥኡ ለጸሎት» እላለሁ። ሕዝቡ ይነሣል። የእኔ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ለምን አልተናገርኩም? ደብሩ የሚሰጠኝ ትንሽ ብር ነበረች፤ እሷ እንዳትቀር ፈራሁ። ከሁሉ በላይ እናቴን ፈራሁ። «ልጄ ቄስ ሊሆንልኝ ነው» ብላ ለአገሩ ሁሉ አውርታለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልብሱን አጥፌ አስረክቤ ወጣሁ። የት ገባህ ያለኝ የለም። ወሬው ሲሰማ ግን አንድ ካህን መንገድ ላይ አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ያችን ፊት ማዞር ለአሥር ዓመት ምክንያት አደረግኋት። እውነቱን ልናገርና፣ ተመችታኝ ነበር።

ባጃጅ ያዝኩ። መጀመሪያ የሰው፣ ኋላ ዕቁብ ሲደርሰኝ የራሴን። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ። ደወል ሲደወል ቴፑን ከፍ አደርጋለሁ። ጥምቀት ሲመጣ እንግዳ ስለሚበዛ ሥራው ደህና ነው። ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ግን እሸሻለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን፣ ቅዱስ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕሩ ከገባ በኋላ፣ አንድ ተማሪ ጫንኩ። ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ነው መሰለኝ ገና ሳንነሣ እንቅልፍ ወሰደው። በአታ ስንደርስ ቀሰቀስኩት። ተደናብሮ ወረደ፤ ሂሳቡንም አልከፈለ። ማታ ባጃጇን ስጠርግ መቋሚያው ከኋላ ተጋድሟል።

ቤት አስገባሁት። ባለቤቴ አየችው፤ ምንም አላለችም። ለጥቂት ቀናት በሩ ጥግ ቆመ። አንድ ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ አነሣሁት። እጄ አልረሳም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ መሬት። ዝማሜው በራሱ መጣ። የጠፋኝ ቃሉ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። እዚያ ላይ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ልመልስ ሄድኩ። ልጁ የሚማረው የድሮ መምህሬ ዘንድ ሆኖ አገኘሁት። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ ለዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ የት ገብተህ ነው?»

«ባጃጅ እነዳለሁ፣ የኔታ።»

«እሱንስ ሰምቻለሁ። ማኅሌት የት ትቆማለህ ነው የምልህ?»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ፈርሻለሁ።»

«ምንህ ነው የፈረሰው? ጉሮሮህ?»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ።

በሳቅ ብቻ ግን አላለቀም። የንስሐ አባት ያዝኩ። ሦስቱን ወር ጭምር ተናገርኩ። ቀኖናዬ ጾምና ስግደት ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ወገብ ስግደቱን እንዴት እንደቻለው እኔ ነኝ የማውቀው። እኔና ባለቤቴ በቁርባን ተጋባን። ተክሊል፣ የደናግል ጋብቻ አክሊል፣ ግን ለእኛ አይሆንምና አልተደፋልንም። ዛሬ በዓል ሲሆን ከመቅደሱ ውጭ ማኅሌት በሚቆምበት ክፍል፣ በቅኔ ማኅሌት፣ ቆሜ አድራለሁ። ቅዳሴ ሲገባ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ። ከወዲያ ልጅ ዲያቆን «ተንሥኡ» ሲል እሰማለሁ። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ። ቅዱስ ማርቆስን ያስታውሱልኝ። ጳውሎስንና በርናባስን ጵንፍልያ ላይ ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰ እኮ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ እሱን አልወስድም አለ። ከበርናባስ ጋር በዚሁ ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞት ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው» አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ከዚህ ሰው መንበር፣ ከእስክንድርያ፣ ነው፤ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘች ድረስ። የማርቆስ ጥፋትና የእኔ አንድ አይደለም፤ ራሴንም ከእሱ ጋር አላወዳድርም። እኔ የምጠይቀው በርናባስ የሚሆን ሰው ነው።

አብረውኝ ተምረው እንደ እኔ የፈረሱ ሦስት ልጆች አውቃለሁ። አንዱ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። አንዱ ከአረቄ ቤት አይጠፋም። ሦስተኛው ዜማው ከሁላችንም የሚበልጥ ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም፤ ሰው እንዳያየው በሌላ መንገድ ይዞራል። ልጅ ዲያቆን ሲወድቅ «ከመቅደስ ውጣ» የሚለው ሰው ሞልቷል፤ መባልም አለበት። በማግሥቱ ቤቱ ሄዶ «ና፣ ቅኔ ማኅሌቱ እዚህ ነው» የሚለው ግን የለም። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ለዚህ አንድ ሰው ቢመድብ ምን ይጎድልበታል? ደመወዝ አይጠይቅም።

የራሴን መቋሚያ ገዝቼ ባጃጇ ውስጥ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ይጠይቀኛል። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ከፒያሳ ማራኪ ድረስ ሲያየው ቆየና፣

«ጋሼ፣ ዲያቆን ነህ እንዴ?» አለኝ።

«ነበርኩ» አልኩት።

ዝም አለ። ማራኪ ስንደርስ አልወረደም።

«እኔም ነበርኩ» አለኝ። «ትንሽ እንዙር?»

አዘዞ ድረስ ሄደን ተመለስን። ሂሳቡን አልተቀበልኩትም።

ባጃጅ ነጂው፣ ከጎንደር