ቁልፉን ከትራስሽ ሥር አውጪው

ይድረስ ለእናቴ፣ ደብረ ማርቆስ

እምዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቺካጎ ብርድ ብቻ አልለመድ አለኝ።

ትናንት ማታ ታክሲዬ ላይ ሁለት ፈረንጆች ተሳፈሩ። ከአንድ ቲያትር ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ መንገድ አድርሰን አሉኝ። ምን አለ እዚያ? ብላቸው "የሙት መንፈስ ልናይ ነው" ብለው እርፍ! አስጎብኚ አለው፣ ቲኬት ይቆረጥለታል። አንቺ በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ አመሻሽ ላይ አመድ መድፊያ አትርገጥ ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ። እነዚህ ከፍለው ይሄዱበታል። ሳቄ መጣ።

ታሪኩን ሲነግሩኝ ግን ዝም አልኩ። ቲያትር ቤቱ ኢሮኮይ ይባል ነበር። ከተከፈተ ገና አምስት ሳምንቱ፣ "እሳት የማይበግረው" እየተባለ ተለፍፎለታል። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 1896 ዓ.ም. ነው፤ የገብርኤል ማግሥት። ለፈረንጅ ገና ትምህርት ቤት ተዘግቶ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ወንበር ሞልቶ የቆመው ብዙ ነው። ከመድረኩ መብራት የተነሣ ፍንጣሪ መጋረጃ ያዘ። እሳት ይከለክላል የተባለው ሌላኛው መጋረጃ ሲወርድ መሀል ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ኤዲ ፎይ የሚባለው ቀልደኛ መድረኩ ላይ ቆሞ አይዟችሁ፣ ተረጋጉ ይል ነበር። ማን ሊሰማው?

ሰዉ ወደ በር ሮጠ። አንዱ በር ተቆልፏል። የሌላው መወርወሪያ እንግዳ ነገር ነው፣ አከፋፈቱ አይታወቅም። ሌላው የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ከኋላ ሕዝብ እየገፋ እንዴት ይከፈት? ወደ ጀርባ የሚያወርደው የብረት መሰላልም አላለቀም ነበር። ከፎቅ እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ የወደቀው ወደቀ። 602 ሰው አለቀ። ለዚያ ሁሉ ነፍስ የተፈረደበት አንድም ሰው የለም።

አሁን በቦታው ሌላ ቲያትር አለ። የልጅ ሳቅ ሰማን፣ ትከሻችንን የሆነ እጅ ነካን የሚሉ አሉ። ግማሹ ለገበያ ነው መሰለኝ። አንቺ ብትሆኚ "ፍትሐት አላገኙ፣ ተዝካር አልወጣላቸው፣ እንዴት ይረፉ" ትይ ነበር። እኔ ሰዎቹን አውርጄ መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ። የቆሻሻ ገንዳና አንድ ድመት ብቻ።

እዚህ አገር በትልልቅ ቤቶች በር ላይ አግድም ብረት አለ። በሆድሽ ብትገፊው እንኳ ይከፈታል። ካርል ፕሪንዝለር የሚባል ነጋዴ ያን ቀን ቲያትሩ ሊገባ አስቦ ሥራ አስቀረው ይባላል። እዚህ አገር የብረቱ ሐሳብ የመጣው ከእሱ ነው ይላሉ።

የአንቺ በር ትዝ አለኝ። ማታ ከውስጥ በጓጉንቸር ትቆልፊና ቁልፉን ትራስሽ ሥር ትከቻለሽ። መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ነው። ከሰሉም እዚያው፣ ጧፉም እዚያው። ባለፈው መጥቼ ሳድር፣ ሌሊት ደጅ ልወጣ ትራስሽን ስዳብስ "ማነው!" ብለሽ በምርኩዝሽ ልታነሺኝ ምንም አልቀረሽም።

ሌባ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ቆልፊ። ግን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ ከበሩ ጎን ሚስማር ይመታልሻል። ቁልፉ እዚያ ይንጠልጠል። ሚስማሩ ሲመታ ደውይልኝ።

ልጅሽ