አባባ፣ በዚያ ሽምግልና አይቀመጡ

አዲስ አበባ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማማስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ያጫወቱኝ ነገር እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። መልሼ ልደውልልዎ አስቤ ነበር፤ ግን እርስዎ ስልክ ሲያነሡ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው አለበት፤ ይህ ደግሞ በሰው መካከል የሚወራ አይደለም። ከየመን የተመለሰችውን የጎረቤታችንን ልጅም፣ በባሕር የላካትን ሰውዬም ስም አልጽፍም፤ ደብዳቤው በመንገደኛ እጅ ያልፋልና። ወንድሜ ሲያነብልዎ በሩን ዘግቶ ያንብብልዎ።

የሰውየው ዘመዶች አማላጅ እንደላኩ፣ ለማስለቀቂያዋ የተሸጠውን የአባቷን በሬ ዋጋ ሊመልስና ይቅርታ ሊጠይቅ ፈቃደኛ እንደሆነ፣ እርስዎም የመንደራችን እድር የቅሬው ዳኛ በመሆንዎ እርቁን እንዲመሩ እንደለመኑዎ ነገሩኝ። አባባ፣ በዚያ ሽምግልና አይቀመጡ። ለምን እንደምል እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ሽምግልናን ንቄ አይደለም። ሁለት ቤተሰብ በደም ሲፈላለግ እርስዎ መካከል ገብተው፣ ቂሙ ለልጅ ልጅ ሳይተላለፍ ሲያደርቁት እያየሁ ነው ያደግሁት። ወሰን የተጋፉ፣ በውርስ የተካሰሱ፣ በትዳር የተኳረፉ ሰዎች እኛ ቤት ተጣልተው ገብተው ቡና ጠጥተው ወጥተዋል። በዚያ ሁሉ ግን ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊትዎ ይቀመጡ ነበር። በዚህኛው ጉዳይ የምትቀመጠዋ ማን ናት? የሚታረቀው የልጅቷ አባት ነው፤ የሚመለሰው በሬ የእርሱ ነው። እርሷን ግን የጠየቃት ሰው አለ? በስልክ ደጋግሜ ብጠይቅዎ መልስ አልሰጡኝም፤ አልተጠየቀችም ማለት ነው።

የሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ቢሆንም አንድ ላይ አስቀምጬ ላሳይዎ። ስትሄድ 16 ዓመቷ ነበር። ሰውየው የአገር ልጅ ነው፤ አባቷ ቤት ለቡና እየመጣ፣ ስኳር እየያዘ፣ «አሁን ትሂድ፤ ብሩን ሠርታ ትከፍላለች» እያለ ነው ያግባባቸው። በሌሊት ከሐይቅ ከተማ ተነሥታ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ እያለች ጋላፊ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የወሰዷትን ሰዎች አንዳቸውንም አታውቃቸውም። በጅቡቲ ምድር በአሳል ሐይቅ አካባቢ ባለው እሳት መሬት በእግር አስኬዷት። ከኦቦክ ጀልባ ላይ ጭነው ባብ ኤል መንደብን አሻግረው የመን ዳርቻ ሲያወርዷት፣ እዚያ የሚጠብቋት ሰዎች ተቀብለው በአጥር ግቢ ዘጉባት። በማግስቱ አባቷ ስልክ ተደወለ።

ያንን ስልክ ያስታውሱታል። በሬው ተሸጠ፣ የመስኖው መሬት በወለድ አገድ ተያዘ፣ የጎደለውን ቅሬው አዋጣ። ገንዘቡን ተቀብሎ በሐዋላ ያሳለፈው ማን ነበር? ይኸው ዛሬ «የበሬውን ዋጋ ልመልስ» የሚለው ሰው ነው። አባባ፣ የሚያሠቃዩአትን ሰዎች ስልክ ቁጥር ከየት አመጣው? በማን አማካይነት ላከላቸው? «እኔም ተታልዬ ነው፤ እኔ መንገድ ብቻ ነው ያሳየሁት» ሲል ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት። ባቲ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም፤ ይህን ሰው ግን ልጅ ሲወስድም ብር ሲወስድም ማንም አልጠየቀውም።

«ማንም አልጎተታትም፤ ወዳ ነው የሄደችው» እንደሚሉም ነግረውኛል። ለዚህ ሕጉ መልስ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178፣ ሰውን አታልሎ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ አድርጎ ለብዝበዛ መመልመልን፣ ማጓጓዝን፣ አሳልፎ መስጠትን በሰው መነገድ ይለዋል። የተጎጂዋ ፈቃድ ለተከሳሹ መከላከያ አይሆነውም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ መታለሏን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነች ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት እስራት ነው። ይህ ዐቃቤ ሕግ የሚከስበት ወንጀል እንጂ ካሣ ተከፍሎ የሚዘጋ የጎረቤት ጠብ አይደለም። እርቁ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ምስክሮቹን ዝም ማሰኘት ነው። አባቷ «ታርቄያለሁ» ካለ፣ ጎረቤቱ «አላየሁም» ካለ፣ እርሷም አፍራ ካልተናገረች መዝገቡ ባዶውን ይቀራል፤ ሰውየውም በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ስኳር ይዞ ይገባል።

እኔ የምሠራበትን መጠለያ «የተመላሾች ቤት» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሥራዬ ቁስል ማጠብና መድኃኒት መስጠት ነው፤ ነርስ ነኝና። ግን በመርፌ የማይደረስበት ነገር ይበዛል። አንዲት ልጅ ነበረች፤ እንደ ጎረቤታችን ልጅ በባሕር የሄደች። አልጋ ተነጥፎላት ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። አንድ ቀን የቢሮው ስልክ ሲጮህ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ጠረጴዛ ሥር ገባች። የመን ሳለች ከመደብደባቸው በፊት መጀመሪያ አባቷ ዘንድ ይደውሉ ነበር፤ አባቷ «ሃሎ» ሲል ነው ዱላው የሚጀምረው፤ ጩኸቷን እንዲሰማው። ከዚያ ቀን ወዲህ የቢሮውን ስልክ ደወል አጥፍተን በመብራት ብቻ እንዲጠራ አደረግነው። ቤቷ ለመደወል ድፍረት እስክታገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስትደውል ከወዲያ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ምን እንደነበር ታውቃለህ ብዬ ወንድሜን ጠይቄው ነበር፤ ሊገምት አልቻለም። «ስንት ብር ይዘሽ ነው የምትመጪ?» ነበር። አባቷ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አበዳሪው በር ላይ ቆሞበት ነው። እርሷ ግን ስልኩን አስቀምጣ ተመልሳ ወደዚያው ዓረብ አገር የሚወስዳት ሰው መፈለግ ጀመረች።

ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ «አትናገርም፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ነገር ሰፍሮባት ይሆናል» ሲባል አይደንግጡ። ያየችው ነው የሚያስጮኻት። ዱዓው ይደረግላት፤ ቤተሰቧ የሚጽናናበትን አልከለክልም። ነገር ግን ወደ ደሴ ሆስፒታል ወስደው ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሳዩአት፤ ሁለቱ አይጣሉም። አንድ ነገር አጥብቄ የምለምንዎ፣ «ወሬው ሳይበዛ እንዳራት» የሚል ሰው ቢነሣ ያስቁሙት። ሰውነቷ ላይ የደረሰውን ማንም የማያውቀውን ልጅ በችኮላ መዳር ሁለተኛ አሳልፎ መስጠት ነው።

አባባ፣ መሄድን ራሱን ኃጢአት አድርጌ የማይ እንዳይመስልዎ። እርሻው ከአባት ለልጅ ሲከፋፈል ቁና ዘር የማይወስድ ሆኗል። የእኛን ሰፈር ቆርቆሮ ቤቶች ግማሽ የሠሩት እህቶች ናቸው፤ የሰው ቤት አጥበው፣ የሰው ልጅ አሳድገው። እነርሱን አከብራቸዋለሁ። የሚያናድደኝ ድካማቸውን ንግድ ያደረገው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር፣ ቦሌ ላይ ባዶ እግራቸውን የወረዱትን በቴሌቪዥን አይተው እንደነበር አስታውሳለሁ። ያኔ መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ችግሩ ግን አልታገደምና ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰው በባሕሩ በር ሄደ። እኔ እንደማየው ደላላው የወፈረው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ሕጋዊው መንገድ ተከፍቷል፤ ዕድሜዋ 18 የሞላት፣ የሠለጠነች፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ውል የፈረመች ልጅ መሄድ ትችላለች፤ የመግቢያ ቪዛዋና የጉዞዋ ወጪም የአሠሪዋ ነው። «ለቪዛ ይህን ያህል ብር አምጪ» የሚል ሰው ከመጣ ከዚያው ነገሩ ይታወቃል። በኮንትራት መሄድም ቢሆን ከችግር ነፃ ነው አልልም። ከፋላ በሚሉት ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ማዳሟ ፓስፖርቷን ከቀማቻትና ደመወዟን ከከለከለቻት፣ ጥላ ስትወጣ ሕገ ወጥ የምትባለው እርሷ ናት። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ ቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው እያወረዱ ጥለዋቸው ሄደዋል። የምትሄድ ልጅ ይህንንም ማወቅ አለባት፤ ውሏን በእጇ፣ የፓስፖርቷን ቅጂ ቤቷ አስቀምጣ፣ የኤምባሲውን ስልክ በቃሏ ይዛ ትሂድ።

በባሕሩ መንገድ ግን አንዳች የምደራደርበት የለኝም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ሰንዓ ውስጥ በስደተኞች ማቆያ በተነሣው እሳት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲያልቁ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በመድፍና በጥይት እንደገደሉ ጽፏል። ከዚያ ድንበር ተርፈው እግራቸው የተቆረጠ ሴቶች እኛ ጋ አርፈዋል፤ ቁስላቸውን በእጄ አጥቤያለሁ። ያ ሰው ቤት እየገባ «ሦስት ቀን ነው፤ ደርሰሽ ትደውያለሽ» ሲል የሚሸጠው ይህንን መንገድ ነው።

እኛ እዚህ ከተማ ላይ ፖስተር እንለጥፋለን፣ በሬዲዮ እንናገራለን። ደላላው ግን ፖስተር አያስፈልገውም፤ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። እዚያ ምድጃ ዳር የሚደርስ ቃል ያለው እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው። ቅሬው ሲሰበሰብ ይንገሩልኝ፤ ሼኹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ እንዲናገሩ ይጠይቁልኝ። አትሂዱ ብቻ ማለት ማንንም አያስቆምም። የትኛው መንገድ ምን እንደሆነ፣ ብሩን ማን እንደሚቀበል፣ ልጅቷ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ ሰው ጮክ ብሎ እንዲጠያየቅ ነው የምፈልገው። ቅሬው ለሞተ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀባሪ እህል ያዋጣል። ከሞት ለተመለሰችውም ያዋጣ። ለማስለቀቂያ የተዋጣው ብር የመን ገብቶ ቀረ፤ አሁን የሚዋጣው ግን መሬቱን ከወለድ አገድ ያስለቅቃል፣ ልጅቷንም ትምህርት ቤት ይመልሳታል። አበዳሪውን ማነጋገር የእርስዎ ድርሻ ይሁን፤ በዚህ ሽምግልና ይቀመጡ። እዚያ ላይ እርስዎን የሚስተካከል ሰው የለም።

ሰውየውን በተመለከተ አማላጆቹ ተመልሰው ሲመጡ «ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ብሩን መመለስ ከፈለገ ፍርድ ቤት ፊት ይመልስ» ይበሏቸው። ዘመድ እንደሆኑ፣ ሰርግና ለቅሶ እንደሚያገናኝዎ አውቃለሁ። ሊያኮርፉዎ ይችላሉ፤ ሊዝቱም ይችላሉ። ይህ ቀላል ነገር ነው ብዬ አይደለም የምለምንዎ። ካስፈራሩ ለወንድሜ ወዲያው ይንገሩት፤ እርሱም ለፖሊስ ያስታውቅ።

ልጅቷ ቃሏን የምትሰጠው ግን ራሷ ስትፈልግ ብቻ ነው። ማንም አይግፋት፤ አባቷም ቢሆን። ስትፈልግ ሴት ፖሊስ እንድትቀበላት ይጠይቁላት፤ የምታምናት አክስቷ አብራት ትግባ። ሐዋላ የተላከበት ደረሰኝ ወይም የስልክ መልእክት ቤታቸው ካለ አንዲቱንም እንዳይጥሉ ይንገሯቸው። የሕግ ምክር የምትሰጥ ባለሙያ እዚህ አነጋግሬያለሁ፤ ያለ ክፍያ ልትረዳቸው ቃል ገብታልኛለች፤ ስልኳን ለወንድሜ ለብቻው እልክለታለሁ።

ደብዳቤውን የያዘው ሰው የደም ግፊት መድኃኒትዎንም ይዞልዎታል፤ ጠዋት ጠዋት ነው የሚወሰደው፤ ተሽሎኛል ብለው እንዳያቋርጡት። ለእማማ የጉልበት ቅባት አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ፤ ቤቱ ሰው ካለበት ለአማላጆቹ ምን እንደመለሱላቸው ብቻ ይንገሩኝ፤ የቀረውን ማታ እናወራለን።

አክባሪ ልጅዎ