የመጋዘናችን ጣሪያ ክረምቱ ሳይገባ ይከደን፦ ለቮልስ ባለቤቶችና ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የቮልስ ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከፋሲካ በኋላ የጣለው በረዶ የጋራ መጋዘናችንን ጣሪያ እንዳፈረሰው አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ምስጥ የበላው ወራጅ ከመሃሉ ተሰብሮ ግማሹ ቆርቆሮ ከነማገሩ ወረደ። ሌሊት ስለነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ከሥሩ የነበሩት ሁለት ኮፈኖችና አንድ አባል ከአባታቸው ግቢ አውጥተው የሰጡን የኋላ ፓራፋንጎ ግን እንደ ወረቀት ተጨማደዋል። ሞተሮቹን ጥበቃችን በዚያ ዝናብ ሸራ አልብሶ አተረፋቸው። እስካሁንም ከዚያው ሸራ ሥር ናቸው፤ ሰኔ ደግሞ ተቃርቧል።

ለጥገናው የጠየቅነው 480 ሺህ ብር ነው። የገባው ሲሶውን አይሞላም። ቃል የገቡትን አባላት ዝርዝር ይዘን ስንደውል ከረምን፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። ሃምሳ ሎሚ የሚለውን ተረት ደግመን አንጠቅስባችሁም፤ በየስብሰባው ሰምታችሁታል።

«ያለፈው መዋጮ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ አባላት ይነሳል። መጋዘኑ ውስጥ ነው ያለው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በእጃችን የነበረውን ገንዘብ አውጥተን ፒስተንና ሲሊንደር፣ የፍሪሲዮን ዕቃ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) እና ሁለት ያልተገጣጠሙ የቮልስ 1300 ሞተሮች ገዛንበት። ያን ጊዜ «ብሩን ብረት ላይ አፈሰሱት» ተብለናል። ዛሬ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የዚያኑ ዕቃ ዋጋ ጠይቁ፤ ከተገኘ ማለት ነው። ባንክ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ገንዘብ አሁን ግማሹን ዕቃ አይገዛም። የጥበቃው ደመወዝ የሚከነክናችሁም ካላችሁ፣ ሞተሮቹን ማን እንዳተረፈ አስቡልን። ደብተሩና ደረሰኞቹ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ አሉ፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ አባል ሁሉ ክፍት ናቸው።

ዕቃ እናከማች ያልነው በምክንያት ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። እኛም አገር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። እንግዲህ ያለን ያለን ነው። የአንዷ በር ለሌላዋ፣ የሌላዋ ካምቢዮ ለሦስተኛዋ እየሆነ ካልሆነ በቀር አንዘልቅም። (ጎብኚ በመጣ ቁጥር «ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስ እናንተ ጋ ናት ወይ?» ይለናል። እኛ ጋ የለችም።)

ከሁሉ የሚቆጨን መጋዘኑ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰጠው የቮልስ ጥገና ትምህርት መቋረጡ ነው። አዲስ አባል ያፈራልን እሱ ነበር። ከአያቱ ቮልስ የወረሰ አንድ ወጣት አባላችን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራበት «ባትሪ ነው» ብሎ እስከ ሱሉልታ ነድቷታል። የተበጠሰው ቺንጋው ነበር። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም፣ የሚፈላና የሚያስጠነቅቅ ራዲያተርም የለም። ሞተሩ ተቃጠለ። ልጁ ከማከማቻችን ፒስተን ወስዶ፣ ከሽማግሌ መካኒኮቻችን ጋር ቆሞ፣ በገዛ እጁ መልሶ ገጠመው። ዛሬ አስተማሪ ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱን መንገድ ስለሚጋርድ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚግል፣ ቫልቭም ቀድሞ የሚቃጠለው እዚያ እንደሆነ ለታናናሾቹ ሲያስረዳ ብታዩት ደስ ይላችኋል። የቫልቩ ክፍተት፣ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የሚለካው ሞተሩ አድሮ ሲበርድ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ዓርብ ማታ ገብታ ከጣሪያ በታች ማደር አለባት። ጣሪያ ከሌለ ትምህርት የለም፤ ትምህርት ከሌለ የዛሬ ዐሥር ዓመት ይህን ደብዳቤ የሚያነብ አባል አይኖርም።

ብዙዎቻችን እነዚህን መኪኖች የተረከብነው ከአባቶቻችን ነው፤ አደራ ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አደራ መብላት ምን እንደሆነ ያውቃል። ቃል የገባችሁ ደግሞ ቃል የእምነት ዕዳ መሆኑን እኛ ልንነግራችሁ አይገባም።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በማኅበሩ ስም ወደተከፈተውና በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ወደሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ነው። ቁጥሩ በአባልነት መታወቂያችሁ ጀርባ አለ፤ በ4417 ያልቃል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። በማንም ግለሰብ ስልክ ቁጥር አንቀበልም፣ በማንም ስም እጅ በእጅ አትስጡ። በዋሽንግተንና አካባቢው፣ በአውሮፓና በዓረብ አገራት ያላችሁም በሰው ሻንጣ ከመላክ በባንክ አስገቡት፤ ለደረሰኝ እንዲመቸን ስማችሁን ጻፉበት።

ቆርቆሮና ሚስማር ለመስጠት ያሰባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉልን፤ ውፍረቱ እንዳይለያይ ነው። ጉልበት ያላችሁ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የወደቀውን ቆርቆሮ እናነሳለን፤ ጓንት ይዛችሁ ኑ፣ ሚስማሩ ክፉ ነው። አናጢው ሥራ የሚጀምረው ቅድሚያ ክፍያው ሲሟላ ስለሆነ መዋጮአችሁ እስከ ግንቦት 30 ይግባልን። በድጋሚ፦ ንግድ ባንክ፣ በማኅበሩ ስም፣ በ4417 የሚያልቀው ሒሳብ።

የማኅበሩ ኮሚቴ