የሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ብሩን ማን ሰጠ?»

የሚዲያ ክበባችን ዘንድሮ በ11 ተማሪ ጀምሮ በ14 ጨረሰ። ለቅዳሜ ትምህርት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ኳስ አለ፣ ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ወላጅም ሥራ ይገባል። ሦስቱ አዳዲስ ልጆች የመጡት ደግሞ እኔ ለምኛቸው ሳይሆን ጓደኞቻቸው ጎትተዋቸው ነው።

አንዳንድ ወላጆች በር ላይ አስቁመው የጠየቁኝን መጀመሪያ ልመልስ። «ልጄን የላክሁት አማርኛ እንዲማር ነው። የቴሌቪዥን ሎጎ ሲያይ ነው እንዴ የሚውለው?» ጥያቄው አግባብ ነው። እውነት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ ስለሚታዩ አርማዎች ነው። ፕሮግራም ሲጀምርና ሲያልቅ ስለሚነበበው የድጋፍ ሰጪዎች ዝርዝርም («ክሬዲት» የሚሉት) ነው። ግን ያነበብነው፣ የጻፍነውና የተከራከርነው በአማርኛ ነው። ዘገባውን ጨርሳችሁ ፍረዱ።

ነገሩን ያስጀመረው ዜና ነው። በጁላይ 2025 ኮንግረሱ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለሁለት ዓመት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ገንዘቡን ለየጣቢያው ያከፋፍል የነበረው ኮርፖሬሽን በፕሬዝዳንት ጆንሰን ጊዜ በ1967 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ነው። እሱም ኦገስት 1 ቀን ሥራውን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። መስከረም ላይ ስንገናኝ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታዲያ ቴሌቪዥኑ ሊጠፋ ነው?» አለችኝ። እኔም መልሼ «ለመሆኑ እስከ ዛሬ ብሩን ይሰጥ የነበረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም። መልሱ በየፕሮግራሙ ጫፍ ላይ በድምፅም በጽሑፍም ይነገራል። አንድም ልጅ አዳምጦት አያውቅም። «ስኪፕ ነው የምናደርገው» አሉኝ። እንግዲህ ስኪፕ የሚደረገውን እናያለን አልኩ። ዓመታችን በዚህ ተወሰነ።

መጀመሪያ አርማዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ፒቢኤስ ከሚባለው ከአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን መረብ በፊት ኤንኢቲ የሚባል የትምህርታዊ ቴሌቪዥን መረብ ነበር። ብዙውን ወጪውን የቻለለት ፎርድ ፋውንዴሽን ነው። አርማው ሦስቱ ፊደላት ከላያቸው የቤት ጣሪያ ተደፍቶባቸው፣ ጣሪያው ላይ አንቴና ተተክሎ ነው። ልጆቹ በጣም ወደዱት። አንቴና ምን እንደሆነ ግን ማስረዳት ነበረብኝ። በኦክቶበር 1970 ቦታውን ፒቢኤስ ወሰደ። በ1971 የወጣው አርማ ሦስት ቀለም አለው፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ። የመጀመሪያዋ ፊደል የሰው ፊት ሆና ወደ ግራ ታያለች። በ1984 ቶም ጋይስማር የሚባለው የአርማ ንድፍ ባለሙያ ያንን ፊት ወደ ቀኝ አዞረውና ከኋላው ሌላ ፊት ደረደረለት። አንድ ሰው የነበረው ሕዝብ ሆነ ማለት ነው። «ለምን አዞሩት?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ ተነስቶ ጣቱን ሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አስኬደ። «ንባብ ወደዚህ ስለሚሄድ» አለ። የ11 ዓመት ልጅ ነው። ይህን እኔ አላስተማርኩትም።

የቦስተን ከተማ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋናው ትዝታችን ነው። ደብሊውጂቢኤች የሚለው ስም ከግሬት ብሉ ሂል፣ ማሰራጫው ከተተከለበት ኮረብታ፣ የመጣ ነው። በ2020 የመጀመሪያዋን ፊደል ጥሎ ጂቢኤች ተባለ። የድሮ አርማው ሲወጣ የሚሰማው የሲንተሳይዘር ድምፅ ትንንሾቹን አስደነገጣቸው። ትልልቆቹ ደግሞ ለስልካቸው ጥሪ አደረጉት። ዕረፍት ላይ ኮሪደሩ በዚያ ድምፅ ይሞላ ነበር። ለተረበሻችሁ መምህራን ይቅርታ።

ከአርማው ወደ ብሩ ስንሻገር ክርክሩ ጠነከረ። የሚስተር ሮጀርስን የልጆች ፕሮግራም በ1968 በአገር ደረጃ ሲጀምር የደገፈው የሲርስ ሮባክ ፋውንዴሽን ነበር። ከ1971 ጀምሮ ማስተርፒስ ቲያተር የሚባለውን የድራማ ፕሮግራም ከ30 ዓመት በላይ የደገፈው የነዳጅ ኩባንያው ሞቢል ነው። በ1970ዎቹ ሌሎችም የነዳጅ ኩባንያዎች ስለተከተሉት ሰዉ ፒቢኤስ ውስጥ ያለችውን «ፒ» ከ«ፐብሊክ» ወደ «ፔትሮሊየም» ቀየራት። ግማሾቹ ልጆች «ብር ከሰጠ ምን አለበት?» አሉ። ግማሾቹ «ስለ ነዳጅ ክፉ ዜና ቢኖርስ ይነግሩናል?» አሉ። እኔ አልፈረድኩም። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ገጽ ጽፎ አመጣ፤ ጽሑፎቹ ከቢሮው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ናቸው። ሄዳችሁ አንብቡልን።

የሕጉን ነገር ደግሞ በሥራ አየነው። የሕዝብ ጣቢያ ማስታወቂያ ማሠራጨት አይችልም። ድጋፍ የሰጠውን ድርጅት ማመስገን ግን ይችላል። በ1981 የድርጅቱን አርማ ማሳየት ተፈቀደ፤ በ1984 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን ነገሩን ትንሽ አላላው። ቢሆንም ዋጋ መጥራት፣ «ግዙ» ማለትና ከሌላው ይበልጣል ማለት አሁንም ክልክል ነው። ልጆቹ ከራሳቸው አንድ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ጻፉ። «በከተማው አንደኛ የሆነው ጥብሳችን በ19 ዶላር ብቻ! ዛሬውኑ ይምጡ!» ከዚያ በሕጉ እየቆረጥን ሄድን። «አንደኛ» ወጣ። «በ19 ዶላር» ወጣ። «ዛሬውኑ ይምጡ» ወጣ። የቀረው የቤቱ ስም፣ አድራሻውና «የኢትዮጵያ ምግብ» የሚል ብቻ ሆነ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ አሁን እኮ አይርብም» አለች። ልዩነቱን ከዚህ በላይ ያስረዳኝ የለም።

ትንንሾቹ የወደዱት ሰሰሚ ስትሪት የሚባለውን የልጆች ፕሮግራም ነው። ከ1969 ጀምሮ በፕሮግራሙ «ያቀረበላችሁ» ተብሎ ሲጠራ የኖረው ኩባንያ ሳይሆን ፊደልና ቁጥር ነው። እኛም ወሰድነው። በየሳምንቱ አንድ ልጅ ቆሞ «የዛሬው ክበብ የቀረበላችሁ በፊደል ጰ እና በቁጥር 7 ድጋፍ ነው» ይላል። ጰ፣ ኀ እና ሠ የትም የማይጠሩ ፊደላት ነበሩ። አሁን ስፖንሰሮቻችን ስለሆኑ ሁሉም ያውቃቸዋል።

አንድ ሙሉ ቅዳሜ የሄደብን ደግሞ በአንዲት ቃል ነው። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ዘወትር የምትመጣውን ምስጋና ወደ አማርኛ እንመልስ ተባባልን። ከኩባንያዎቹና ከፋውንዴሽኖቹ በኋላ ገንዘብ ያዋጡ ተመልካቾች ይመሰገናሉ። በእንግሊዝኛ «ቪወርስ ላይክ ዩ» ይባላሉ፤ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኛ ግን መምረጥ አለብን። «እንደ አንተ ያሉ ተመልካቾች» ካልን ሴቶቹ ቀሩ። «እንደ እርስዎ» ካልን ልጆች የሚያዩት ፕሮግራም ላይ ይከብዳል። «እንደ እናንተ» ካልን ደግሞ፣ አንዱ እንዳለው፣ «ሌላ ሰው ነው የሚከፍለው ብዬ እቀመጣለሁ።» ሁለት ሰዓት ተከራከሩ፣ ድምፅ ሰጡ፣ «እርስዎ» በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። አንቱታን በሰዋስው ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። እንደዚያ ቀን የገባቸው ግን የለም።

አሁን ስለ ጉዟችን ላውራ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይሄን ነው።

አስቀድሞ አንድ ጣቢያ ለመጎብኘት ሁለት ደብዳቤ ጽፈን ነበር። መልስ አልመጣም። ስለዚህ በማርች አንድ ቅዳሜ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ በሜትሮ ባቡር፣ በብሉ ላይን፣ ተሳፍረን ዋሽንግተን ወዳለው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሄድን። መግቢያው ነፃ ነው፤ ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሄድነው የጁሊያ ቻይልድን ወጥ ቤት ለማየት ነው። ጁሊያ ቻይልድ ከ1963 ጀምሮ በዚያው በቦስተኑ ጣቢያ የፈረንሳይ ምግብ ስታስተምር የነበረች ሴት ናት። ከቤቷ ወጥ ቤቱ እንዳለ ተነቅሎ መጥቶ ሙዚየሙ ውስጥ ተተክሏል። ምድጃው፣ ጠረጴዛው፣ ማንኪያው ሳይቀር።

አብረውን ከመጡት ቤተሰቦች አንዷ የአንድ ተማሪያችን አያት ነበሩ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መልስ የሚሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር እንዲያ ነው የኖረው። ያን ቀን ስለ ወጥ ቤቱ ለማቅረብ የተመደበው እሱ ነበር። በካርድ ላይ የጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

አያትየው መስታወቱ አጠገብ ቆሙ። ግድግዳው ላይ ድስትና መጥበሻ ተደርድሯል። ከየዕቃው ጀርባ ቅርጹ በመስመር ተሥሏል፤ ባሏ የሣለላት ነው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ቦታው እንዲመለስ። እማማ ረጅም ጊዜ አዩት። «ጎሽ፣ ባል እንዲህ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «አንተ፣ ይቺ ሴትዮ ቴሌቪዥን ላይ ስታበስል የዘይቱን፣ የቅቤውን ማን ይከፍልላታል?» አሉት።

ልጁ ካርዱን አየ። ወደ እኔ አየ። እኔ ዝም አልኩ። ካርዱን ኪሱ ከተተና ጀመረ። «እማማ… ፖላሮይድ የሚባል አለ። ካሜራ የሚሠራ። እሱ ብር ሰጠ። እነሱ ስሙን… ስሙን ጻፉለት።»

«ካሜራ የሚሠራ ከወጥ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሰዎች ያያሉ። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ።»

እማማ አሰቡ። «ስሙን ባይጽፉለትስ ይሰጥ ነበር?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም ብሆን ወዲያው አልመልስም። በመልሱ ጉዞ ሜትሮ ውስጥ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ቆየና፣ ፔንታጎንን እንዳለፍን፣ እጃቸውን ነካ አደረጋቸው። «እማማ፣ ስማቸው ሳይጻፍ የሚሰጡም አሉ። እንደ እርስዎ ያሉ ተመልካቾች ይባላሉ።»

«እርስዎ» አላቸው። አያቱን! እሳቸው ሳቁና «እድር ነዋ! ገና አሁን ገባኝ» አሉ። ከዚያ እስከ ኪንግ ስትሪት ድረስ ስለ ሰፈራቸው እድር አጫወቱት። ድንኳኑ በማን መዋጮ እንደተገዛ፣ ድስቱ ላይ የእድሩ ስም በቀለም እንደሚጻፍ፣ ስም ሲጠራ የቀረ እንደሚቀጣ። እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። በአማርኛ። እኔ መስኮቱን እያየሁ እንባዬን ዋጥሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይኸው ልጅ በቤተ ክርስቲያን ያለው መጋረጃ ጠርዝ ላይ የሰጪው ቤተሰብ ስም በክር እንደተጠለፈ ነገረን። «ይሄም ክሬዲት ነው» አለ። ትክክል ነው።

የተቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። 24 ጊዜ ተገናኘን። በበረዶ ምክንያት ሁለት ቅዳሜ ቀረብን። ጃንዋሪ ላይ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ 14 ልጅ በአንድ ታብሌት ዙሪያ ተጠጋግቶ ነው የተማረው። የኋላዎቹ ወንበር ላይ ይቆማሉ። አንዱ ወድቆ ክርኑን ተጋጭቷል፤ ደህና ነው። ልንሠራው ካሰብናቸው ሦስት አጫጭር ፊልሞች የጨረስነው አንዱን ብቻ ነው። የዓመቱ በጀታችን 150 ዶላር ነበር። የሜትሮው ተጨምሮበት አልበቃም። የስፖርት ክበቡ አዲስ ማሊያ ሲለብስ ከልብ አጨብጭበናል። ግን አንድ አምፖል ለመግዛት አምስት ወር መጠበቅ አልነበረብንም። ይህን ለቦርዱ በጽሑፍም አቅርቤአለሁ።

በጁን በዓመቱ መዝጊያ ላይ የታየው ፊልም የስድስት ደቂቃ ነው። ስለ ትምህርት ቤታችን ግቢና ቡና ስለሚያፈሉልን እናቶች ነው። ልጆቹ ራሳቸው የሣሉት የክበቡ አርማ አለው። ጣሪያ ነው፣ ጣሪያው ላይ አንቴና፣ ከጣሪያው ሥር «ሚ»። የኤንኢቲን እንደሚመስል እነሱም ያውቃሉ፤ አውቀው ነው። መጨረሻው ላይ የድጋፍ ሰጪዎች ዝርዝር ይወጣል። ዳቦ ያመጣች እናት፣ መኪናውን ያዋሰ አባት፣ ካሜራውን ለአንድ ቀን የሰጠን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ። ያነበበው የ12 ዓመቱ ልጅ ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመና ሦስተኛው ረድፍ ወደተቀመጡት አያቱ አየ። «እና እንደ እርስዎ ባሉ ተመልካቾች።»

ለመስከረም የሚያስፈልገን አንድ የፕሮጀክተር አምፖል፣ አንድ ያገለገለ ካሜራና የ14 ልጅ የሜትሮ መሳፈሪያ ነው። ያገለገለ ካሜራ ቤቱ የተቀመጠ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል 4 አምጡልን። ስማችሁ እንዲነበብ የምትፈልጉ ንገሩን፤ እንዳይነበብ የምትፈልጉም ንገሩን።