ምጣዱስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። እኛን ራፖር ጸሐፊዎችን፣ ለባለጉዳይ የፍርድ ቤት አቤቱታ የምንጽፈውን፣ ግን ረሳችሁን። እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ጃንጥላ ሥር፣ የሰው ኑሮ ስጽፍ እውላለሁ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይቅረብ ይላል። ሰው ደግሞ ባጭሩ አያወራም።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት የልጆች ቀለብ አቤቱታ ልታጽፍ መጣች። ባሏ ሲሄድ ምጣዱን ሳይቀር እንደወሰደ ደጋግማ ነገረችኝ። ምጣድ ለቀለብ ክርክር ምን ይሠራል ብዬ ተውኩት። አንብቤላት ስጨርስ፣ «ምጣዱስ፣ ወንድሜ?» አለችኝ። (እውነቱን ለመናገር ገጹም ሞልቶ ነበር።) ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጨመርኩላት። ያኔ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች።

ከሰላምታ ጋር
ራፖር ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ