አባቴ «እርስዎ» የተባሉት ቤታቸው ውስጥ ብቻ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንባቢያን ዓምዳችሁ ላይ የወጣ አንድ ደብዳቤ፣ በቤታቸው ውስጥ ሚስትና ልጅ የሚያስጨንቁ አባቶችን ጉዳይ አንስቶ ምክንያቱን በመጠጥና በመሃይምነት ላይ ጥሎ አልፏል። ጸሐፊው በቅን ልቡና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን የእኔ አባት መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ አምስቱን ሶላት የማያጓድሉ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ጋዜጣ እስከ ማንበብ የደረሱ ሰው ነበሩ፤ ያም ሆኖ በቤታችን ሳቅ የሚሰማው እርሳቸው ሐይቅ ላይ በዋሉባቸው ሰዓታት ብቻ ነበር። ጸሐፊው ያልነኩት አንድ ምክንያት ስላለ፣ ከራሴ ቤት ጀምሬ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

እኛ ነገደ ወይጦ ነን። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ ያውቀዋል። ለማያውቅ አንባቢ ግን ወንዶቻችን ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ሴቶቻችን ሰፌድና ሞሰብ የሚሰፉ፣ አያቶቻችን ደግሞ ከሐይቁ ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች መሆናችንን መግለጹ ይበቃል። ጉማሬ ይበላሉ በመባላችን ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርብ፣ ልጁን የሚሰጠን ወይም ከእኛ የሚወስድ ጎረቤት አልነበረም። በዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የማይስማሙባቸው ብዙ ነገሮች ቢኖሩም በእኛ ጉዳይ ላይ ግን ተስማምተው ኖረዋል። አደኑ ከቆመ ዘመን አልፎታል፤ እኔም የጉማሬ ሥጋ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ስሙ ግን ቀርቷል።

ከአያቴ የወረስነው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ፣ በእጅ ብዛት የጠቆረና ጫፉ የሾለ አለንጋ ሲሆን፣ እንደ አውሬው ሁሉ ጉማሬ ይባላል። የተናቅንበት ሙያ ካተረፈው ሁሉ በእጃችን የቀረው እርሱ ነበርና አባቴ ከበሩ በስተቀኝ በሚስማር ሰቅለውት ይኖር ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በገበያ ቀን ታንኳ ለማስረከብ አብሬያቸው ወረድሁ። ገዢው ከዘጌ እንጨት እያመጣ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ለዋጋው ድርድር የላከው ልጁን ነበር። ልጁ ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ጢማቸው የሸበተውን አባቴን «አንተ» እያለ አናገራቸው፤ ደንገሉ በደንብ አልደረቀም፣ ቶሎ ውሃ ይጠጣል እያለ ካገላበጠ በኋላ ገንዘቡን እጃቸው ላይ ሳይሆን ታንኳው ላይ አስቀምጦላቸው ሄደ። አባቴ «እሺ ጌታዬ» አሉት። ከዚያ ሻይ ልጋብዝህ ብለው ከገበያው ጥግ ወደነበረች ሻይ ቤት ወሰዱኝ። እኛ ከመግባታችን ባለቤቱ ከባንኮኒው ሥር አንድ የቲማቲም ጣሳ አወጣ፤ የእኛ መጠጫ እርሱ ነበር። ለሌላው ሰው በብርጭቆ፣ ለእኛ ለሁለታችን በአንድ ጣሳ ሻይ ቀረበልን። አባቴ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸው ሳይለወጥ ጠጡ፣ የቀረውን ሰጡኝ፣ ከፈሉ፣ አመሰገኑ።

ያን ዕለት ማታ እህቴ ውሃ ስታቀብላቸው «እንካ» አለቻቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ «እንኩ» ማለት እንደሚገባት የምታውቅ ቢሆንም አንዳንዴ ይረሳታል። አባቴ ውሃውን ሳይቀበሉ ተነሥተው ከበሩ በስተቀኝ ወዳለው ሚስማር ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፤ እናቴ መሐል ገብታ እርሷም እንደደረሳት ብቻ ልናገር። እኔ ግን የዚያን ቀን ሒሳቡ ገብቶኛል። የገዢው ልጅና የሻይ ቤቱ ባለቤት የነፈጓቸውን «እርስዎ» ሌሊቱ ሳይጋመስ ከስድስት ዓመት ልጅ አስከፈሉ። ከተማው ለአባቴ የነበረበትን ዕዳ ስንከፍል ያደግነው እኛ ነን።

እናቴ አንድም ቀን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ከሐይቅ ሲመለሱ መቅዘፊያቸውን ግድግዳው ላይ የሚያስደግፉበትን ድምፅ አዳምጣ፣ ቀስ ብለው ካስቀመጡት እራት ታቀርባለች፣ ከወረወሩት ግን እኛን በጓሮ በኩል ወደ አጎቴ ቤት ትሸኘናለች። ይህን ድምፅ ማንበብ ፊደል ከመለየቴ በፊት ተምሬዋለሁ።

አንባቢ «ታዲያ ጎረቤት የለም ወይ? ሽማግሌ የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገርም ይኸው ነው። በሌላው ቤት አባወራ ሲከፋ የሚከለክሉት ብዙ እጆች አሉ፤ የነፍስ አባት ወይም ሼህ ይመጣል፣ የእድር ሰዎች ይሰማሉ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ባልና ሚስቱን ያስታርቃል፣ ከዚያም እዚያው ቤት ቡና ተጠጥቶ፣ እንጀራ ተቆርሶ ይለያያሉ። እኛ ቤት ግን እንጀራ ሊቆርስ የሚችል የሰፈር ሽማግሌ አልነበረም። እድርም አላስገቡንም። እናቴ አንድ ጊዜ ከጎረቤት ያሉ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄዳ አቤት ብትል፣ ሰውየው በራፍ ላይ አቁመው አዳምጠዋት «የእናንተን ነገር እናንተ ታውቁበታላችሁ» ብለው ሸኟት። የእኛው የወገን ሽማግሌዎች መጥተው ያውቃሉ፤ እነርሱ ደግሞ በዚያው ጣሳ የሚጠጡ ስለሆኑ «እስቲ ቻይው፣ እርሱስ የት ሄዶ ይናደድ» ከማለት አላለፉም። መናቅ ሰውን ማስመረሩ ሳያንስ፣ የመረረውን ሰው ለብቻው ከልጆቹ ጋር ዘግቶበት ይሄዳል።

ስድብን በተመለከተ ብዙ ሰው እኛ ልጆቹ ከመንገድ የሰማነው ይመስለዋል። እኔ «ወይጦ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ አፍ ነው። ወንድሜ መረብ ቢያበላሽ፣ እኔ ፈተና ብወድቅ፣ «ወትሮስ ከወይጦ ምን ይገኛል» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸው የሻይ ቤቱን ባለቤት ይመስላል። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ማጭድ የሚሸጥ አንጥረኛ በራችን ላይ ቆሞ ውሃ ቢለምን፣ አባቴ እናቴን ጠርተው «በጣሳ ስጪው» አሏት፣ ሰውየው ሲሄድም ቡዳ መሆኑን ነገሩን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን ከልክለው እንደነበር ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ አልፎት እንኳ አዋጁ የእኛን ደጃፍ አልተሻገረም ነበር ማለት ነው፤ እኛም ራሳችን አላሻገርነውም።

እህቴ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ አብራት እንድትቀመጥ የተመደበችው ልጅ እናት መጥታ መቀመጫ አስቀየረች። አባቴ ይህን ሲሰሙ ትምህርት ቤት ሄደው ይሟገታሉ ብለን ስንጠብቅ፣ በማግስቱ ደብተሯን ከእጇ ወስደው «እዚያ ሲሰድቡሽ ከሚውሉ እዚህ ሰፌድ ስትሰፊ ብትውዪ ይሻላል» አሏት። እርሳቸው ለእርሷ ማዘናቸው ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ለእናቴ እንደዚያ ብለዋታል። ዛሬም ድረስ ሰፌድ ትሰፋለች። ወንድሜ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሰሊጥ ለማረም ወደ መተማ እንደወጣ ቀረ። እዚያ ሚስት አግብቷል፤ አጥንቱ ከየት እንደሆነ ግን ለሚስቱ አልነገራትም፣ እኛም ልጆቹን አይተናቸው አናውቅም።

እዚህ ላይ አባቴን በደረሰባቸው በደል ብቻ ነጻ ላወጣቸው የፈለግሁ እንዳይመስል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ታናሽ ወንድማቸው፣ በጓሮ በኩል የምንሸሸው አጎቴ፣ በዚያችው ሻይ ቤት በዚያው ጣሳ ይጠጣ ነበር። እርሱ ግን ቤቱ ሲገባ «ዛሬ ደግሞ በወርቅ ዋንጫ አስተናገዱኝ» ብሎ የባለቤቱን አረማመድ እያስመሰለ ልጆቹን ያስቃቸዋል። በልጆቹ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ለምን እንደተለያዩ ዕድሜዬን ሁሉ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። መናቅ አባቴን እንዳመረራቸው አውቃለሁ፤ ያንን አለንጋ ከሚስማሩ ያወረዱት ግን የራሳቸው እጆች ነበሩ።

ስለ ሕዝባችን ከተጻፈው ጥቂት ነገር ውስጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋ አንድ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር በነበረበት ጊዜ የወይጦዎች ቋንቋ ከሌላው ሁሉ የተለየ መሆኑን ሰምቶ፣ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጣ። ሰዎቹ ግን የተጠየቁትን አልመለሱም፣ የገባቸውም አልመሰሉም፤ ንጉሡ ተቆጥተው ስቅላት ቢያዙባቸው እንኳ አልደነገጡም። ያ ቋንቋ ዛሬ የለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ አማርኛ ብቻ ተናጋሪዎች ሆነናል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም አባቴ በሰደቡኝ ቋንቋ ነው። የእነዚያን ሁለት ሰዎች ዝምታ ሳስብ አባቴ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው የተቀመጡት ይታየኛል። በውጭ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባም ዝም እንደማይል ታሪኩን የጻፈው ሰው ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል፤ የሻይ ቤቱ ጣሳም ተጥሏል። ነገር ግን ወይጦ መሆኑ የታወቀ ወጣት ዛሬም ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ልኮ በምን ዓይነት ቃል እንደሚመለስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐይቁ ዳር ሆቴልና መዝናኛ በተሠራ ቁጥር ታንኳ የሚደርቅበት ቦታ እየጠበበ ሄዷል፤ ደንገሉ ተመናምኗል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጥቶበታል። ታንኳው የከተማዋ መለያ ሆኖ በየግድግዳው ይሣላል፤ ሠሪው ግን ሥራ ፈትቶ ቤቱ ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ ስለ ጨካኝ አባቶች በሚቀጥለው ጊዜ ስትጽፉ ሰውየው የዋለበትን ገበያም ሄዳችሁ እንድታዩ ነው። የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎችም ወደ እኛ ሰፈር የሚመጡት ለምክር ብቻ ሳይሆን ቡና ለመጠጣት ጭምር ቢሆን፣ በእናቴ ላይ የደረሰው በምራቶቿ ላይ እንዳይደርስ አንድ ተጨማሪ እጅ ይገኝ ነበር። ስሜ እንዳይወጣ የምጠይቀው አፍሬ አይደለም፤ የወንድሜ ቤት መተማ ስላለ ነው።

አባቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ታመው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ተረኛዋ ነርስ፣ የልጅ ልጃቸው የምትሆን፣ ወደ አልጋቸው ጠጋ ብላ እጃቸውን ያዘችና «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» አለቻቸው። አባቴ ዞር ብለው ከአጠገባቸው ያለውን አልጋ ተመለከቱ፤ ባዶ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው በዝግታ «ማንን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ እንዳይገለጽ የምጠይቅ
ከባሕር ዳር