የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ቁጭ ብለን ያየናቸው ሥዕሎች

ክበባችን ዘንድሮ ከወትሮው ያነሰ ሥሏል። ያየው ግን ይበልጣል። የለመድናቸውን ሥራዎች አልተውንም። የግቢውን ግድግዳ ቀብተናል፣ ለወላጆች ቀን ፖስተር ሠርተናል፣ የዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርዕያችንም አምሮ አልፏል። እነዚህን ከፎቶዎቹ ታዩዋቸዋላችሁ። እኔ መጻፍ የምፈልገው ስለ ሙዚየም ጉብኝታችን ነው። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን እሱ ነበርና።

መጀመሪያ ስንሄድ ልጆቹ ሙዚየሙን ያዩት ሰው ሁሉ እንደሚያየው ነው። ከአዳራሽ አዳራሽ ይዘዋወራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ያልፋሉ። ብዙም ሳይቆዩ «ቲቸር፣ ጨረስን» ብለው መጡ። አልፈረድኩባቸውም፤ አዋቂውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት፣ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች አንድ ሥራ ፊት ምን ያህል እንደሚቆሙ በሰዓት ለክቶ ነበር። አማካዩ 27 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ17 ሰከንድ አላለፈም። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰው ፊት እንኳ በወጉ አይታይም።

ስለዚህ ደንብ አወጣን። አንድ ሰው አንድ ሥዕል ይመርጣል፤ ፊቱም ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አጠገቡ የተለጠፈው ማብራሪያ የሚነበበው መጨረሻ ላይ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ከሚያስተምሩት ከፕሮፌሰር ጄኒፈር ሮበርትስ ነው። እሳቸው ተማሪዎቻቸውን አንድ ሥራ ፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ያስቀምጣሉ። ራሳቸውም ሞክረውታል። ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ እ.ኤ.አ. በ1765 የሣለው፣ አንድ ልጅ ከሽኮኮ ጋር የሚታይበት ሥዕል አለ። የልጁ የጆሮ ቅርጽ ከሽኮኮዋ የሆድ ፀጉር ጋር እንደሚመሳሰል ለማስተዋል 9 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። ሥዕል ማየት ሥራቸው የሆነ ሰው ናቸው እንግዲህ።

ግማሽ ሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ልጆቹ ይቁነጠነጣሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ቆይቶ ግን ዓይናቸው ይረጋል።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የመረጠችው ትንሽ የዘይት ቀለም ሥዕል ነበር። አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ደብዳቤ ታነባለች። በቃ፣ ሌላ ነገር ያለበት አይመስልም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተማሪዋ ጠራችኝ። «ቲቸር፣ ወንበሩን ይዩት» አለች። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ጥላው ውስጥ፣ ሌላ ወንበር አለ። ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ መደገፊያው ላይ ኮት ተንጠልጥሏል። «አንድ ሰው አሁን ተነስቶ ነው የወጣው» አለችኝ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። አንዱ «ተጣልተው ነው» አለ። አንዷ ደግሞ «አይደለም፤ ደብዳቤውን ያመጣው እሱ ነው፣ ብቻዋን እንድታነበው ብሎ ነው የወጣው» አለች። «ታዲያ ኮቱን ለምን ትቶ ይወጣል?» ክርክሩ አውቶቡስ ውስጥም አላቆመም። ወንበሩን ያየችው ልጅ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ናት። ያን ቀን ግን ከሁሉም ጋር ተከራከረች። ያየችውን በዓይኗ አይታዋለችና ማንም ሊያስቀይራት አልቻለም። ዘንድሮ ካየሁት ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይህ ነው።

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የጀመረው በንዴት ነው። ሥዕሉ ትልቅ ሸራ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለው። «ይሄንማ እኔም እሠራዋለሁ» አለ። እሺ፣ ሥራው አልኩት። ሸራና ቀለም ሰጠነው። ሠራ። ሰማያዊው ግን እንደ ተቀባ በር ጠፍጣፋ ሆነበት። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። በሚቀጥለው ጉብኝት ሌላውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ወደዚያ ሸራ ሄደ። ከጎን ቆሞ ጠርዙን ሲመረምር ቆየ። ሸራው እንጨቱ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ ይታያል። ለካ ሠዓሊው ቀለም በቀለም ላይ እየደራረበ ነው የሠራው። ልጁ እስካሁን ሥዕሉን ወደድኩት አይልም። በሄድን ቁጥር ግን ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።

ይህን ጠርዝ መጽሐፍም ስልክም አያሳዩም። ስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል አንድ መጠን ነው። «ሞና ሊዛ» ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የፒካሶ «ጌርኒካ» ደግሞ ቁመቱ 3.49፣ ወርዱ 7.77 ሜትር ነው። ሁለቱን መሬት ላይ በጠመኔ ለክተን ሣልናቸው። ልጆቹ «ጌርኒካ» ውስጥ ገብተው ሲቆሙ ሁሉንም ያዛቸው። ቦታም ተረፈ።

ሌላም ነገር አለ። ዋናውን ሥራ ስታዩ የሠራው ሰው እጅ ይታያችኋል። አንዷ ተማሪያችን በአንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል ላይ፣ ሰማዩ ውስጥ፣ ከብሩሽ የተነቀለች ፀጉር ቀለም ውስጥ ደርቃ አገኘች። ጉድ ተባለ። ያኔ የቫን ጎህን ነገር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 የሣለው አንድ የወይራ ዛፎች ሥዕል በካንሳስ ሲቲው ኔልሰን-አትኪንስ ሙዚየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባለሙያዎች በማጉያ መሣሪያ ሲመረምሩት ቀለሙ ላይ የተጣበቀች የፌንጣ ቅሪት አገኙ። ቫን ጎህ ደጅ፣ ነፋስና አቧራ መሃል እየቆመ ይሥል ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሥዕል ሲያዩ ወገባቸውን አጥፈው ከጎን ነው። የሙዚየሙ ጥበቃዎች መጀመሪያ ሰጉ፤ በኋላ ለመዱን።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ይሄ ለፈተና ምን ይጠቅማቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ኧርዊን ብሬቨርማን የሕክምና ተማሪዎችን ሙዚየም ወስደው ሥዕል በዝርዝር ያስገልጹ እንደነበር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት እነዚህ ተማሪዎች በበሽተኞች ፎቶ ላይ ያሉ ምልክቶችን በማስተዋል ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል። አባትየው ደስ አላቸው። እኔ ግን ልጆቹን የምወስደው ለዚህ አይደለም። ክበቡ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ቅዳሜ ብቻውን ሙዚየም መሄድ ጀምሯል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቤት ሲረበሽ ሄጄ እቀመጣለሁ» አለኝ። እዚያ ማርክ የሚሰጠው የለም፣ ፍጠን የሚለው የለም። የሚያውቃት አንዲት ሥዕል አለችው፤ እሷ ፊት ይቀመጣል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ቦታ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጉብኝቱ ይቀጥላል። የምንሄደው ጠዋት በር ሲከፈት፣ ሰው ሳይበዛ ነው። ወላጆችም መምጣት ይችላሉ፤ የግማሽ ሰዓቱ ደንብ ግን እነሱንም ይመለከታል። ለመያዝ የንድፍ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ ሥዕሎቹ አጠገብ እስክሪብቶ አይፈቀድም። መሣል አልችልም የሚል ተማሪም ይመዝገብ። ዘንድሮ ከመጡት ብዙዎቹ አይሥሉም።